የሰርግ ፋይል ምን ላይ ይቀመጥ? ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ እና ያ 3,200 ብሬን የበላው

ጥር ሲገባ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉ ሰርግ የሚቀርጹ የሙያ ጓደኞቼ ደውለው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንተ ፋይል የምታስቀምጠው ምን ላይ ነው?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

መልሴ አጭር ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ግዙ፣ ኬዙን (በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካበትን ቅርፊት) ደግሞ ለብቻው። ኤስኤስዲ (ፋይሉን በሚሽከረከር ሳህን ሳይሆን በቺፕ የሚይዘው) ለኤዲቲንግ ግሩም ነው፤ ለማስቀመጫ ግን ብሬን አልሰጠውም። ይህን ያወቅኩት አንብቤ አይደለም፣ ተበልቼ ነው።

ባሕር ዳር ለዕቃ ሄጄ «2 ቴራ ኤስኤስዲ» የሚል አየሁ። 4,500 ብሎ ጀመረ፣ ተከራክሬ 3,200 አደረስኩት። ከበድ ይላል። ካርቶኑ ያምራል። ላፕቶፕ ላይ ስሰካው 2 ቴራ ብሎ አሳየኝ። ጊጋው 1 ብር ከ60 ሳንቲም ማለት ነው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ደምበጫ የቀረጽኩትን ሰርግ ጫንኩበትና የካሜራውን ካርድ አጠፋሁ። ከሳምንት በኋላ የፋይሎቹ ስም ተደርድሯል፣ አብዛኛው ግን አይከፈትም። የሙሽራው አባት በደወሉ ቁጥር «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» እያልኩ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። በመጨረሻ እውነቱን ነግሬ ብራቸውን ልመልስ ስል «ብሩ ይቅር ልጄ፤ እኔ የምፈልገው እናቴ ሲመርቁ የቀረጽከውን ነው» አሉኝ። እሱ የለም።

ቅርፊቱን ፈልቅቄ ከፈትኩት። ውስጡ ትንሽ ቦርድ ላይ የተሰካ ባለ 64 ጊጋ የስልክ ሚሞሪ ካርድ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ለክብደት በሙጫ የተለጠፉ ሁለት ዳዶዎች። 3,200ን ለ64 አካፍሉት፤ ጊጋው 50 ብር መጣ። ከገዛሁት ሁሉ ውዱ እሱ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ መጠኑን እንዲዋሽ ፕሮግራም ይደረጋል። 64 ጊጋው ሲያልቅ «ሞላ» አይልም፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል ወይም ይጥለዋል። ስለዚህ መጠኑን በማየት አትመኑ። በዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብልዩ፣ በሊኑክስ ኤፍ3 የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ዕቃውን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ለ500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሱቅ ውስጥ ማንም ያን ያህል አያስቆማችሁም፤ «ነገ ካልሰራ እመልሳለሁ» ተባብላችሁ ግዙ። እንቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

እውነተኛው ኤስኤስዲስ? እኔ 500 ጊጋ ውጫዊ ኤስኤስዲ 9,000 ተጠይቄያለሁ፤ ጊጋው 18 ብር። ያገለገለ የላፕቶፕ ዲስክ 500 ጊጋ በ2,400፣ ኬዝ በ400 ገዛሁ፤ ጊጋው 5 ብር ከ60። ልዩነቱ ሶስት እጥፍ ነው።

ከዋጋው ሌላ የአቀማመጡም ነገር አለ። የኤስኤስዲ ቺፕ ኤሌክትሮን የሚያጠራቅሙ ጎተራዎች ናቸው በሉ። ግድግዳቸው ጥቂት ናኖሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር 80,000 ናኖሜትር ገደማ ይወፍራል። ድሮ ጎተራው ባዶ ነው ወይስ ሙሉ ብሎ መለየት ይበቃ ነበር። ዛሬ ዋጋውን ለማርከስ ሲባል አንዱ ጎተራ 3 ቢት (ሶስት የ0 ወይም 1 ምልክት) ይይዛል፤ ስለዚህ 8 ደረጃ መለየት አለበት። በ4 ቢቱ ደግሞ 16። ፎቁም ተደራርቧል፦ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2013 በ24 ፎቅ ጀመረ፣ አሁን ከ200 በላይ ደርሷል። በተጻፈበት ቁጥር ግድግዳው ይጎዳል፣ ኤሌክትሮኑም ቀስ እያለ ያፈሳል። የኢንዱስትሪው መለኪያ አውጪ ድርጅት ጄዴክ ለተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ የመጻፍ ዕድሜው ካለቀ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ 1 ዓመት እንዲይዝ ነው። አዲሱ ከዚያ በላይ ይቆያል። እኔ ግን ሰርግ መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጠው ለልጅ ልጅ ነው። ሃርድ ዲስክ ማግኔት ነው፤ የሚያፈስ ኤሌክትሮን የለውም።

ሲሞትም ቢሆን ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ይናገራል፦ ይዘገያል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያኔ ወዲያው ገልብጡ። ኤስኤስዲ ማታ ደህና አድሮ ጠዋት ላይታይ ይችላል።

ቀጭ ሲል ግን ለጠጋኝ ከፍቶ እንዲያየው አትስጡ። አንዱ የኔን በር ላይ፣ አቧራ መሃል፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከፈተልኝ። የዲስኩ ማንበቢያ ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ ለሱ የመንገድ አቧራ ተራራ ነው። ሲዘጋው ድምጹ እንኳ አልነበረም።

ኬዙን ለብቻው ያልኩበት ምክንያት ይኸው፦ ብዙዎቹ የታሸጉ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች የገመዱ መሰኪያ ራሱ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። መሰኪያው ከተነቀለ ፋይሉ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። የኔ ሲበላሽ 400 ብር ከፍዬ ሌላ ኬዝ አለብሰዋለሁ። ያገለገለ ስትገዙ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው የዲስክ ጤና በሚያሳይ ፕሮግራም የሰራበትን ሰዓት እዩ። እኔ 20,000 ካለፈ አልነካውም። ቢጫ ምልክት ካሳየ በነጻም አይግባ።

መውደቅን በመቋቋም ኤስኤስዲ ይበልጣል፣ አልክድም። አዲስ አበባ ስሄድ ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ እስክንሻገር ዲስኬን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ነው የምይዘው።

አሁን እያንዳንዱን ሰርግ ሁለት ዲስክ ላይ አስቀምጣለሁ። ሁለቱ 5,600 ብር፣ ሶስት ሰርግ ይይዛሉ፤ ለአንዱ 1,900 ብር ገደማ። ዋጋ ስነግር «ማስቀመጫ» ብዬ ለብቻው እጽፈዋለሁ። እስካሁን የተከራከረኝ አንድ ሙሽራ ብቻ ነው። እሱም ሚሞሪ ካርድ ሻጭ ነው።