የሃይሉክስ መሪ ሲላላ፦ የቱን ዕቃ፣ የቱን አላይመንት?

መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ትላላችሁ፤ መኪናው ዝም። ትንሽ ስትጨምሩ ድንገት ይዞራል። ጎሚስታ ጋ ስትደርሱ ደግሞ የፊት ጎማችሁ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቷል ይላችኋል። ይሄኔ ብዙ ሰው ቀጥታ አላይመንት ቤት፣ ማለትም የጎማ አቋም ወደሚስተካከልበት፣ ይገባል። እባካችሁ፣ ከዚያ በፊት የላላውን ዕቃ ፈልጉ። የአላይመንት ማሽን የሚለካው ጎማው በዚያች ቅጽበት የቆመበትን ነው። ታይሮዱ፣ ማለትም የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ፣ ካለቀ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሁሉንም ያዛባዋል፤ የከፈላችሁት ብርም ባከነ ማለት ነው።

የማወራው ስለ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ለዓመታት የነዳሁት እሱን ነው። ምርጫው ግን እንደ ሞዴሉ ይለያያል። እስከ 1990ዎቹ መገባደጃ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ይመረት የነበረው ፎር ዊል፣ ኤልኤን106 የሚባለው፣ የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ሆኖ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። ከእሱ በኋላ ከመጡት ፎር ዊሎች የብዙዎቹ የፊት ጎማዎች ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ መሪው ግን አሁንም በሳጥን፣ ማለትም የመሪውን ዙር በውስጡ ባሉ ጥርሶች ወደ ጎማው በሚያስተላልፍ ዕቃ፣ ይሠራል። ከ2004 ወዲህ ያለው ቪጎ ደግሞ ሳጥኑን ትቶ ራክ፣ ማለትም ግራና ቀኝ የሚንሸራተት ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ነው የሚጠቀመው።

ልክ ያለፈ መላላት ስንት ነው? ሞተሩን አስነሱ፣ ጎማውን ቀጥ አድርጉ፣ መሪውን በጣታችሁ ግራና ቀኝ በሉት። ጎማው ሳይንቀሳቀስ የመሪው ጠርዝ ከ30 ሚሊሜትር በላይ ከሄደ ጥገና ይፈልጋል። ከዚያ አንድ ሰው መሪውን እያወዛወዘ ከሥር ግቡና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በመዳፋችሁ ያዙ። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል፤ ያለቀችው ጠቅ ጠቅ ትላለች። በመጨረሻ የፊቱን በክሪክ አንሱ፣ ድጋፍ አስገቡለት፣ ጎማውን ነቅንቁ። ግራና ቀኝ ከሄደ ታይሮድ ጠርጥሩ። ላይና ታች ከሄደ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት፣ ማለትም ጎማውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ፣ ነው። ኤልኤን106 ላይ በቦል ጆይንት ፈንታ ጎማው የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ናቸው ያሉት። እነሱ ሲያልቁ ጉድጓድ በመታችሁ ቁጥር መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ታይሮድ፦ ኦሪጅናል፣ ጥሩ ጃፓን፣ ኮፒ ወይስ ያገለገለ?

ዋናው ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ምረጡ። ከውዱ ጀምሮ ቅደም ተከተሉ ኦሪጅናል ቶዮታ፣ ቀጥሎ እንደ ሳንኬይ 555 ያለው የጃፓን ዕቃ፣ ከዚያ ኮፒ ነው። እኔ ለአሮጌ ሃይሉክስ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የታይሮዷ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ቶሎ አትላላም፣ ኳሷን ከአቧራ የምትሸፍነው የአቧራ ጎማዋም ወፍራም ናት። ኦሪጅናል የምለው መኪናው ገና አዲስ ለሆነና ለረጅም ጊዜ ሊይዘው ላሰበ ሰው ነው።

ኮፒን ከራሴ አውቀዋለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ በጣም የረከሰውን ገዛሁ። ስድስት ወር አልሞላም። ከቡታጅራ ስመለስ መሪው መሳብ ጀመረ። ጋራዥ ገብተን ስንፈታው የአቧራ ጎማዋ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። ውስጥ የነበረው ግሪስ ከአሸዋ ጋር ተላቁጦ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ኳሷን በሁለት ጣት ያዝኳት፤ ያለ ምንም ጉልበት ወዲያና ወዲህ ትላለች። ያቺ ኳስ ብትወጣ ኖሮ አንደኛው የፊት ጎማ ከመሪው ውጭ በራሱ ይሄድ ነበር። ቤተሰብ ጭኜ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ዕቃ ላይ ብር መቆጠብ አልችልም።

ስትገዙ የካርቶኑ መልክ ብቻ አያስተማምንም። ዕቃዋን አውጡና ኳሷን በእጃችሁ አዙሩ። አዲስ ስትሆን ጠንከር ብላ፣ ግን ሳትያዝ፣ እኩል መዞር አለባት። በአንድ ቦታ ላላ፣ በሌላ ቦታ ጠበቅ ካለች መልሷት።

ያገለገለ ዕቃ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ለበር፣ ለመስታወት፣ ለመብራት እኔም እሄዳለሁ። ታይሮድና ቦል ጆይንት ግን ያገለገለ አትግዙ፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ማንም አይነግራችሁም። በብየዳ የተጠገነ ከሆነ ደግሞ እጃችሁም አይንካው።

የመሪ ሳጥን፦ ማጥበቅ፣ ማደስ ወይስ መቀየር?

ሳጥኑ አናት ላይ ማስተካከያ ብሎን አለች። ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ እሷን ነው የሚያጠብቀው፤ ፈጣንና ርካሽ ነው። ችግሩ ግን እዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ ስለምንነዳ ቀድሞ የሚያልቀው የጥርሶቹ መሐል ነው። መሐሉ እስኪጠብቅ ካጠበቃችኋት ስትዞሩ ይይዛል፣ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ አይመለስም። ስለዚህ ሌላው መገጣጠሚያ ሁሉ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በጥቂቱ ብቻ ማጥበቅ ይቻላል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነና ጥርሱ ካልተበላ ጎሚኒና ኩሽኔታ ቀይሮ ማደስ ያዋጣል። ጥርሱ ከተበላ ግን ሙሉ ሳጥን ነው። ያገለገለ ሳጥን መግዛት ግድ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር አዙሩትና መሐል ላይ ጨዋታ እንዳለው ፈትሹ። የቪጎ ራክ ላይ ደግሞ ከመቀየሩ በፊት ራኩን ከሻንሲው ጋር የሚይዙትን ጎሚኒዎች አስዩ። እነሱ ብቻ አልቀው ሙሉ ራክ የሚቀይር ሰው አለ።

አላይመንት፦ በገመድና በሜትር ወይስ በኮምፒውተር?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነገር እላለሁ። ኤልኤን106 ላለው ሰው የኮምፒውተር አላይመንት ብዙም የሚጨምርለት ነገር የለም። አክስሉ ወጥ ስለሆነ በጋራዥ የሚስተካከለው የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ፣ ማለትም ቶው፣ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ጠንቃቃ መካኒክ በሜትር ይለካዋል። ሁለቱም ጎማ ላይ ከኋላ በኩል በአክስሉ ከፍታ ጠመኔ ያደርግና በመሐላቸው ያለውን ርቀት ይለካል። ከዚያ ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር መኪናውን ወደ ፊት ገፍቶ እነዚያኑ ምልክቶች ከፊት ይለካል። ቸርኬው ትንሽ የተጣመመ ቢሆን እንኳ ልኩ አይሳሳትም። ሳይገፋ የሚለካ ሰው ካያችሁ እንዲገፋው ጠይቁት።

ቪጎ ላይ ግን ኮምፒውተር ይሻላል። የታችኛው ክንድ ላይ ያሉት ብሎኖች ሲዞሩ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉም፣ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌም አብረው ይለወጣሉ። ያን በሜትር መያዝ አይቻልም። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት በወረቀት አሳትሙ። ቁጥሩ በሁለቱም ላይ አንድ ከሆነ ምንም አልተነካም ማለት ነው። ብሎኑ ዝጎ እምቢ ካለ ደግሞ ቶው ብቻ ሠርተው ሊሸኟችሁ ስለሚችሉ አብራችሁ ቁሙ።

በሁለቱም መንገድ ቢሆን መጀመሪያ የጎማ አየር ይስተካከል። ዘወትር ጭነት የምትጭኑ ከሆነ ያንኑ ያህል ጭናችሁ ሂዱ። መሪው መሐል ላይ መቆሙን፣ የታይሮዱ ዳዶዎች መጥበቃቸውን ሳታዩ አትክፈሉ።

500 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ እጃችሁን በፊት ጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ አንሸራቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ሻካራ ከሆነ ቶው ገና አልተስተካከለም። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደሠራው ሰው ተመለሱ።