አፕዴት ባደረጋችሁ ማግስት ባትሪ እንዳትቀይሩ

ስልካችሁን አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ቢያልቅ፣ አንድ ሳምንት ሳትታገሡ ጥገና ቤት እንዳትሄዱ። እኔ ሁለት ቀን እንኳ አልጠበቅሁም። 1,800 ብር ከፍዬ ጤነኛ ባትሪዬን በፌክ ቀይሬ ቁጭ ብያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባሕር ዳር፣ እህቴ ቤት ነው። እዚያ ዋይፋይ አለ። ስልኬ ለወራት የተጠራቀመበትን አፕዴት ሌሊቱን ሲያወርድና ሲጭን አደረ። ጠዋት 100 ፐርሰንት ሞልቼ ወደ ደብረ ማርቆስ ተሳፈርኩ። ዳንግላ ስንደርስ ኪሴ ውስጥ ጭኔን አሞቀኝ። እንጅባራ ላይ 60 ገባ። ቡሬ ላይ 20 አለ። ፍኖተ ሰላም ሳንደርስ ድርግም አለ። እኔ አልደወልኩ፣ ቪዲዮ አላየሁ! አጠገቤ የተቀመጡት እናት እንኳ በትንሿ ባለ ቁልፍ ስልካቸው መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ ነበር።

በማግስቱ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። ልጁ ስልኩን በመዳፉ መዘን አደረገና፣ ምንም ሳይለካ፣ «ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል። አፕዴቱ ነው የገደለው» አለኝ። «ኦሪጅናል አለኝ። አቅሙ 6000 ነው፤ ከድሮው ይበልጣል።» መብራት ሲጠፋ ፋኖሴም ሰዓቴም ይኸው ስልክ ነው። አላቅማማሁም።

ማታ ለእህቴ ልጅ ደውዬ ነገርኳት። ኮምፒውተር ነው የምትማረው። «አጎቴ፣ ምነው ሳትጠይቀኝ?» አለች። አፕዴት ከተጫነ በኋላ ስልኩ ሥራ አይፈታም ለካ። አፖቹን ለአዲሱ ሲስተም እንደገና ያሰናዳል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየ ይመዘግባል። አፖቹም በተራቸው ይታደሳሉ። ይህ ሁሉ ባትሪ ይበላል፣ ያሞቃልም። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ይረግባል። አፕል ራሱ ለአይፎን ተጠቃሚዎቹ ይህንኑ ይናገራል። የኔ ላይ ደግሞ መንገዱ ተጨመረበት። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ነበር፤ ሲግናል በደከመበት ቦታ ስልክ ታወር ሲፈልግ ጉልበቱን ይጨርሳል።

መፍትሔው ብር አይጠይቅም ነበር። ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ማሳደር፣ አንድ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት፣ አፖቹን ማደስ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ «ባትሪ» የሚለውን ከፍቶ የትኛው አፕ እንደሚበላ ማየት። አንዱ አፕ ብቻውን ግማሹን በልቶ ከተገኘ ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላል።

ሐቁን ለመናገር፣ አፕዴት ከባትሪ ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ። ጎግል እንደ አውሮፓውያን በጃንዋሪ 2025 ፒክስል 4ኤ የሚባለውን ስልክ ባትሪው እንዳይግል ብሎ አቅሙን በአፕዴት ቀንሶበታል። አፕልም እንደ አውሮፓውያን በ2017 መጨረሻ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በአፕዴት ማዘግየቱን አምኗል። ግን ይህን የተናገሩት ኩባንያዎቹ ናቸው። በመዳፍ ተመዝኖ የሚታወቅ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ «ኦሪጅናሉ» ልመለስ። የስልኬ ባትሪ አቅሙ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። በዚያው ስፋትና በዚያው ውፍረት 6000 ከየት መጣ? የታተመው ቁጥር ነው እንጂ ባትሪው አልጨመረም። ጠዋት 100 ይላል፣ ምሳ ሰዓት 40 ይላል፣ ከ40 ደግሞ ዘሎ ይጠፋል። አይፎን ያላችሁ ትሻላላችሁ፤ ከአይፎን ኤክስኤስ ወዲህ ባሉት ላይ እውነተኛ ያልሆነ ባትሪ ሲገባ ሴቲንጉ ራሱ ያሳብቃል። ሒሳብ ሳትከፍሉ እዚያው ቆማችሁ እዩት። የማንኛውም ስልክ ጀርባ ማበጥ ከጀመረ ግን ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ። እንዳትጫኑት፣ እንዳትወጉት፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሌላው ስህተቴ ደረሰኝ ነው። አልጠየቅሁም፣ አልሰጠኝም። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ በሦስተኛው ቀን ነበር የተመለስኩት። ግን በምን ላስረዳ? የገዛሁትን የሚያሳይ ብጣሽ ወረቀት የለኝም።

ልጁ ስልኩን እንደገና በመዳፉ መዘነው። «ጋሼ፣ ባትሪው ምንም አልሆነም። አፕዴቱ ነው» አለኝ። በሳቅና በንዴት መሀል ቀረሁ።

«እሺ፣ የድሮ ባትሪዬስ የት አለ?» አልኩት።

«ጥለነዋል» አለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

እናንተ ስትቀይሩ አሮጌውን ተቀብላችሁ ውጡ። የኔው ምናልባት ተወልውሎ ለሌላ ሰው ተሸጦ ይሆናል። ከእናንተ አንዱ ዘንድ ደርሶ ከሆነ አይዟችሁ፣ እሱስ የምር ኦሪጅናል ነው።