የሪፐር የብረት ምስሎች ለጀማሪ ገጣጣሚ

የቴክሳሱ ኩባንያ ሪፐር የሚሸጣቸው 28 ሚሊ ሜትር የጠረጴዛ ጨዋታ የብረት ምስሎች ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። የቀበቶው ዘለበት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከፕላስቲኩ ቢወደዱም ያስከፈሉትን ይክሳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አንድ ወጥ የሆነውን ወይም እጁ ብቻ የሚለጠፈውን ይምረጡ፤ ክንፋሙ ዘንዶ ይቆይ።

የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ እዚህ አይሠራም። እሱ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያያይዘው፤ ብረትን አያሟሟም። የሚያስፈልገው ሱፐር ግሉ ነው። አስቀድመው ግን የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ የተወውን ስስ መስመር በደቃቅ ሞረድ ያንሱ፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበው በደንብ ያድርቁ። ከቅርጹ የቀረ ዱቄት ወይም የጣት ቅባት ካለ ማጣበቂያውም ቀለሙም ይላቀቃል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ማጣበቂያ ሲያበዛ ነው። በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ አድርጎ 30 ሰከንድ ያህል ሳያነቃንቁ መያዝ ይበቃል። ከበዛ ቶሎ አይደርቅም፣ መጋጠሚያውም ይደክማል።

ከባድ ክንድ በማጣበቂያ ብቻ አይቆምም። በ1 ሚሊ ሜትር የእጅ መሰርሰሪያ ሁለቱንም ወገን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይብሱና ከወረቀት ክሊፕ የተቆረጠ ሽቦ ይክተቱ። ቀዳዳዎቹ ትይዩ እንዲሆኑ መጀመሪያ የበሱት ዙሪያ እርጥብ ቀለም ነክተው ሌላውን ወገን ይጫኑበት፤ ምልክቱ ያረፈበትን ይብሱ። የጎበጠ ሰይፍ በጣት ቀስ ተብሎ ይቃናል፤ ወዲያ ወዲህ ካመላለሱት ግን ይሰበራል።