ዝም ያለችውን ልጅ ላሳዩኝ እትዬ

ሰላም ጎንደሮች፣ በተለይ የምታስተምሩ። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል። ዛሬ የተማሪዎቼን ካርድ ሞልቼ ስጨርስ ግን ማስተላለፉ ይብቃ አልኩ።

ላመሰግን የፈለግሁት አንዲት የመምህራን አሠልጣኝ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልወደዱ፣ ትምህርት ቤት እንደምንጠራቸው እትዬ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የዲፕሎማቶችና የአፍሪካ ኅብረት ሠራተኞች ልጆች በሚማሩባቸው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ብዙ ዓመት አስተምረዋል። እናታቸውን ሊያስታምሙ ወደ ጎንደር መጡና እዚሁ ቀሩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መምህራንን ያሠለጥናሉ። በሥራ ቀን ደግሞ ክፍል ድረስ ገብተው አብረው ይቀመጣሉ።

የኔ ክፍል 5ኛ ነው፤ 38 ልጆች አሉኝ። አብዛኞቹ የፒያሳ፣ የማራኪና የአዘዞ ልጆች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የውጭ ሀገር ሰዎች ልጆችም አሉ። ከአሜሪካ የተመለሰ አንድ ልጅ አለ። ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ከቤተሰቧ ጋር በመተማ በኩል የገባች ልጅም አለች። አማርኛ ትሰማለች፤ ማንበብና መጻፍ የለመደችው ግን በአረብኛ ነው። ባለፈው ዓመት ካርዷ ላይ «ጭምት ልጅ ናት፣ ትበርታ» ብዬ ጽፌ ነበር። ስለ እሷ የማውቀው ያንን ያህል ነበር።

እትዬ የመጡ ዕለት ንግግር ያደርጋሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው የኋላ ዴስክ ላይ ቁጭ አሉ። በአንድ ወረቀት የክፍሉን አቀማመጥ ሳሉና ጥያቄ ለጠየቅሁት ልጅ ሁሉ በቦታው ላይ አንድ ጭረት ያደርጉ ጀመር። ሦስት ቀን እንዲሁ አደረጉ። ረቡዕ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀምጠው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ጭረቱ የፊት ረድፍ ላይ ተከምሯል። በመስኮቱ በኩል የካርቱሟ ልጅ ቦታ ባዶ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አንዴም አልጠራኋትም። 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። ልጅ አላበላልጥም ብዬ ነበር የማምነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እሳቸው አልወቀሱኝም። ቅዳሜ ስንሰበሰብ የአማርኛ መምህራችንን ጠየቋቸው። እኚህ መምህር በቅኔ ቤት ያለፉ ናቸው፤ መሪጌታ እንላቸዋለን። «ቅኔ ሲማሩ የኔታ ጠይቀው ወዲያው መልስ ይሉዎት ነበር?» አሏቸው። መሪጌታ ሳቁ። «ኧረ ምን ሲባል! መጀመሪያ ቆጠራ አለ። ለብቻችን ጥግ ይዘን ቅኔውን በሐሳባችን ስናዘጋጅ፣ ስንቆጥር እንውላለን። ለየኔታ የምንነግረው ከዚያ በኋላ ነው።» እትዬ ወደኛ ዞሩና «ታዲያ የእናንተ ልጆች መቼ ነው የሚቆጥሩት?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የቆጠራ ሀገር ላይ ቁጭ ብለን ልጆቹን ስናጣድፋቸው ኖረናል።

ከዚያ ነው ጥናቱን የነገሩን። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳተመችው ነገር ነው። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ነው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት መልሱ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉት ልጆችም መናገር ይጀምራሉ። 3 ሰከንድ! አሁን ክፍሌ ውስጥ ጥያቄ ከጠየቅሁ በኋላ «ቆጠራ» እላለሁ። ማንም እጅ አያወጣም። በፈለጉት ቋንቋ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ለጎረቤታቸው ይነግራሉ፣ ከዚያ ለክፍሉ።

በፈለጉት ቋንቋ የሚለውን መጀመሪያ ተቃውሜ ነበር። አማርኛና እንግሊዝኛ እንዲለምዱ አይደል የምንለፋው? እትዬ ጂም ከሚንስ የተባሉ የካናዳ ምሁር የሚሉትን አስረዱኝ። ልጅ አዲስ ቋንቋ ሲለምድ የመጫወቻውን በ2 ዓመት ገደማ ይይዛል፤ የትምህርቱ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ሐሳቧን በምን ትያዘው? መልስ አልነበረኝም።

ስለ አባይ ስናስተምር ነው ነገሩ የለየለት። «አባይ ከጣና ወጥቶ ሱዳን ሲደርስ ምን ይገጥመዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ቆጠራ። ያቺ ልጅ በአረብኛ ሞነጫጨረች። አጠገቧ ላለችው ልጅ በሹክሹክታ ነገረቻት። ከዚያ በስንት ጊዜዋ እጇን አወጣች። ካርቱም ላይ ነጭ አባይና የእኛው አባይ ሲገናኙ ወዲያው አይቀላቀሉም አለች። አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ብሎ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ከድልድዩ ላይ ከአባቷ ጋር ታየው ነበር። አማርኛዋ ይቆራረጣል፤ ክፍሉ ግን ትንፋሹን ውጦ ሰማት። ከዚያ የጥያቄ መዓት ወረደባት። ዓሣ አለ? ይዋኛል? የእኛ ውሃ የቱ ነው? እኔ በመጽሐፍ የማውቀውን እሷ በዓይኗ አይታዋለች፤ ስንት ወር አጠገቤ ስትቀመጥ አልጠየቅኋትም።

ሌላው ሥራቸው የሐሳብ ሣጥኑ ነው። ሣጥን ድሮም ነበረን፤ አቧራ ጠጥቶ የቆመ። እትዬ ያስገቡት ሕግ አንድ ነው፤ አርብ አርብ ሣጥኑ ይከፈታል፣ መምህሩ ለእያንዳንዱ ወረቀት ክፍሉ ፊት መልስ ይሰጣል። የሚሆነው ይሆናል፣ የማይሆነው ለምን እንደማይሆን ይነገራል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12፣ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና ሐሳቡም ክብደት የማግኘት መብት አለው ይላል። እትዬ ስለ ክብደቱ ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የማይመለስለት ልጅ ሁለተኛ አይጽፍም ይላሉ፤ ልክ ናቸው። የቤት ሥራ ይቅር ላሉት አይሆንም ብዬ ምክንያቱን ነገርኳቸው፤ ተቀበሉ። አንዲት ወረቀት ግን «ቲቸር ስሜን ሲጠሩ ልጆች ይስቃሉ» ትላለች። ስሙን እያሳጠርኩ፣ እያጣመምኩ ስጠራው የኖርኩት የውጭ ሀገር ልጅ ነው። ከእናቱ ጠይቄ በትክክል ተማርኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጊዜ ይበላል። ከዓመታዊ ዕቅዴ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። 60 ልጅ ለሚያስተምር ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ እትዬም ይህን አይክዱም፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ በአንድ ጥያቄ ጀምሩ ነው የሚሉት። ሰርተፊኬትና ፎቶ ለምትፈልጉም አይሆኑም። ክፍል ገብቼ ካላየሁ አልመጣም ብለው የአንድ ቀን ሥልጠና ሲመልሱ አይቻለሁ።

ዛሬ ያችን ልጅ ካርድ ስሞላ «ጭምት» የሚለውን መጻፍ አልቻልኩም። ውሸት ይሆናል። «ጥያቄዋ ብዙ ነው፣ ጓደኞቿን ታስረዳለች» አልኩ።

ለትምህርት ቤታችሁ የምትፈልጓቸው ርእሰ መምህራን፣ ወይም በግላችሁ ቅዳሜ መምጣት የምትፈልጉ መምህራን፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በአንዴ ብዙ ሰው ስለማይቀበሉ ቶሎ በሉ።

እትዬ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። እማማንም ይማርልን።