በኮሮና ዘመን ስልኳን ላልዘጋችው የዘረመል አማካሪ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት፣ በድሬዳዋ ከዘር ጋር ስለተያያዙ የጤና ጉዳዮች ምክር የምትሰጥ አንዲት ነርስ ለቤተሰባችን የዋለችውን ውለታ በአደባባይ ለማመስገንና አገልግሎቷ ለሚያስፈልጋቸው ወገኖች ለመጠቆም ነው። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀች ፈቃዷን አከብራለሁ፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን አገናኛለሁ።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በግንቦት 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ከተገኘና በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ አራስ ጥየቃ ቀርቶ ገንፎው ጎረቤት ሳይሰበሰብበት ተበላ፤ የሕፃኗ አባትም ጅቡቲ ሥራ ላይ እንዳለ መንገድ ተዘጋበት። በወለደችበት ተቋም አንድ ባለሙያ ልጅቷ ዳውን ሲንድረም (ከልደት ጀምሮ የሚኖር፣ የአእምሮና የአካል ዕድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) ሳይኖርባት እንደማይቀር በቆመበት ተናግሮ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈ። ከዚያ በኋላ በቤታችን የሚነሣው ጥያቄ «ይህ ነገር ከማን ወገን መጣ?» የሚል ብቻ ሆነ።

ይህችን አማካሪ ያገኘናት በዚያ መካከል በሰው በሰው ነው። እንደነገረችን፣ ሙያው ፊት ለፊት ተቀምጦ በመነጋገር የኖረ በመሆኑ ወረርሽኙ በውጭ አገር ያሉትን አማካሪዎች ሳይቀር በአንድ ጊዜ ወደ ስልክና ወደ ቪዲዮ ገፍቷቸዋል፤ የላቦራቶሪ መሣሪያና ሠራተኛ ለኮሮና ምርመራ ተወስዷል፤ ነፍሰ ጡሮች ባሎቻቸውን ይዘው ወደ አልትራሳውንድ ክፍል እንዳይገቡ በብዙ ቦታ ተከልክለዋል። በሌላው ዓለም የምራቅ መውሰጃ ዕቃ በፖስታ ወደ ተመርማሪው ቤት ይላክ ነበር አሉ፤ ፖስታ ቤት ለቤት በማይዞርበት በእኛ ከተማ ግን ይህ የሚታሰብ አልነበረም።

እርሷ ግን ደወለች። ከሰላምታ ቀጥላ የጠየቀችው «ብቻሽን ነሽ?» ብላ ነበር። ሰው ቤት ውስጥ በመዋሉ ምክንያት አንዱ ክፍል ሰው በሞላበት ጊዜ፣ ምስጢርን ለማውራት ዋናው እንቅፋት ኔትወርኩ ሳይሆን ጆሮ መሆኑን ታውቅ ነበር። እህቴ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አስይዛ ወንዱን በካሬ፣ ሴቷን በክብ፣ ዘመድ ለዘመድ የተጋቡትን በድርብ መስመር እያስሣለች የሁለቱንም ወገን የዘር ሐረግ እስከ አያቶች ድረስ አወጣቻት፤ ፎቶውንም በቴሌግራም ተቀብላ አየችው።

በጣም ያደነቅሁት ቅደም ተከተል ማወቋን ነው። የክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ዘረመልን የሚሸከመው አካል) ምርመራ በሕይወት ያሉ የደም ሴሎችን ስለሚፈልግ ናሙናው ሳይቆይ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ መጓጓዣ በታወከበት ወቅት ደሙ መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል። እኛ የልጅቷ ሁኔታ ስሙ በወረቀት ተረጋግጦ እንዲሰጠን ስንቸኩል እርሷ «ክሮሞዞሙ ይቆይ፣ ልቧ ግን አይቆይም» አለችን። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር እንደሚወለዱ አስረድታ፣ የልብ አልትራሳውንድና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ እንዲቀድም አጥብቃ መከረች። መኪና ከሚይዘው ሰው ግማሹን ብቻ ይጭን ስለነበር ታሪፍ ንሯል፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ለምርመራው ሐረር ለመድረስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገዱ ድሬዳዋን፣ ኦሮሚያንና ሐረሪን ያቋርጣል፤ ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት አስቀድማ በስልክ ነገረችን። ልቧ ላይ የተገኘው ትንሽ ቀዳዳ በጊዜ ስለታወቀ ክትትሏ ያኔውኑ ተጀመረ።

ስለ «ማን ወገን» ጥያቄም፣ ጅቡቲ ያለውን አባትና አማቲቱን ከእህቴ ጋር በአንድ መስመር አገናኝታ «እማማ፣ የማንም ወገን አይደለም» ስትል ሰማሁ። 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት እንደሚሆን፣ ይህም በአብዛኛው በአጋጣሚ እንጂ እናት በበላችው ወይም ባደረገችው ነገር እንደማይመጣ፣ በጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ከወላጅ ሊተላለፍ ስለሚችል ምርመራው በኋላ መሠራት እንዳለበት ገለጠችላቸው። መንገድ ሲከፈት ተሠራ፤ ውጤቱም ከወላጅ የማይተላለፈው ዓይነት ሆነ። ሌላ ልጅ ብትወልድ የመደገሙ ዕድል አንድ በመቶ ገደማ መሆኑን ነግራ፣ መውለድ አለመውለዱን ግን ለባልና ሚስቱ ተወች። አማቲቱ ክሊኒክ ይምጡ ቢባሉ እንደማይመጡ አውቃለሁ፤ ስልኩ ባይኖር ያንን ቃል አይሰሙትም ነበር። በአንጻሩ ስልክ ሕፃኗን አያስዳስስም፣ የእናት ፊት አያሳይም፤ አማካሪዋም ይህን ጉድለት ደጋግማ ታነሣው ነበር።

አሁን ፊት ለፊትም በስልክም ታገለግላለች። ፅንስ በተደጋጋሚ የሚያስወርዳቸው፣ በቤተሰባቸው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸውና ዘመድ ለዘመድ ሊጋቡ ያሰቡ ቢያማክሯት ይጠቀማሉ። የጀርባ አጥንት ክፍተት ያለበት ልጅ የወለዱ እናቶች ደግሞ ለቀጣዩ እርግዝና የሚያስፈልገው የፎሊክ አሲድ (የቫይታሚን ዓይነት) መጠን ከሌላው ሴት ስለሚበልጥ፣ ከማርገዛቸው በፊት ቢያናግሯት መልካም ነው። መድኃኒት አታዝዝም፤ ሐኪም ጋ መሄድ ያለበትን ሰው ራሷ ትልካለች። የምትደውሉ ሰዎች በሁለቱም ወገን ያሉ አያቶችን፣ በሕፃንነታቸው የሞቱትንም ጭምር፣ ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ በወረቀት ብትይዙ ሥራዋን ታቀሉላታላችሁ።