ስታቢላይዘር፣ የፋይበር መለወጫ ወይስ የመሬት ሽቦ? የቤት ሙዚቃችሁን ድምፅ ለማጥራት የቱን ልግዛ ለምትሉ

«ስፒከሩ እምምም ይላል፤ ስታቢላይዘር ልግዛ ወይስ ያንን የፋይበር ዕቃ?» ሙዚቃን ከኢንተርኔት በቀጥታ ማዳመጥ ከተለመደ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከደብረ ብርሃንም ከሸዋ ሮቢትም ይመጣልኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከመደጋገም አንዴ ጽፌው ልረፍ። መልሴንም አላንጠለጥልም፤ ቤታችሁ የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ከዕቃ አካል የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክን ወደ አፈር የሚያወርደው ሽቦ፣ ከሌለው ሌላው ሁሉ ይቆይ።

«ሶኬቴ እኮ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው» የሚል አይጠፋም። ቀዳዳው መኖሩ ሽቦው አለ ማለት አይደለም። እዚህ አካባቢ የፈታኋቸው ብዙዎቹ ሶኬቶች ከጀርባ ሁለት ሽቦ ብቻ ነበራቸው፤ ሦስተኛው ብሎን አቧራ እንደ ጠጣ ተቀምጧል። ምልክቱን ከእጃችሁ ታገኙታላችሁ። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሳለ የብረት አካሉን በጣት ጀርባ ስትዳስሱት ነዘር ነዘር ካደረጋችሁ፣ ወይም የአምፕሊፋየሩ ብሎን ከነዘራችሁ፣ መሰኪያው ባለ ሦስት እግር እስከሆነ ድረስ መሬት የለም ወይም ተቋርጧል። በውስጣቸው ያሉት የኃይል ማጣሪያዎች መሄጃ ያጣውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ወደ አካሉ ይገፉታል። በመልቲሜትር ሲለካም ብዙ ጊዜ የ220 ቮልቱ ግማሽ አካባቢ ያሳያል። ያ ፍሳሽ በድምፅ ገመዱ በኩል ወደ ስፒከሩ ሲሻገር ነው ጉርምርምታ የሚሆነው።

አሁን ዋጋ። የምጠቅሰው ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ሱቆች ውስጥ የተጠራልኝን ነው፤ እናንተ ስትጠይቁ ሊለያይ ይችላል። 1,000 ቪኤ (የሚችለው የኃይል መጠን) የሚል ጽሑፍ ያለበት ስታቢላይዘር ከ6,500 እስከ 9,000 ብር። የኔትወርኩን ምልክት ወደ ብርሃን ለውጦ በብርጭቆ ገመድ የሚያሳልፈው ጥንድ የፋይበር መለወጫ ከነገመዱ 4,500፤ አዲስ አበባ በ3,800 ይገኛል፤ ነገር ግን 130 ኪሎ ሜትሩን ደርሶ ለመመለስ የምታወጡት የመኪናና የምሳ ሒሳብ 700ውን ብር ይበላዋል። የመሬት ሥራው ደግሞ አፈር ውስጥ የሚገባው ዘንግ 2,200፣ አምስት ሜትር ወፍራም ሽቦ 1,900፣ ማሰሪያ 250፣ የባለሙያ እጅ 1,500፤ ድምሩ 5,850። ፍሳሽ ሲኖር ኃይሉን የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፒር ብሬከር በ2,800 ስትጨምሩበት 8,650 ይሆናል። ይህን ብሬከር አትዝለሉት፤ ዘንጉ ብቻውን ተራውን ብሬከር ለማስጣል የሚበቃ ጅረት ላያሳልፍ ይችላል። ከጥሩ ስታቢላይዘር በ350 ብር አንሶ ሕይወትም ድምፅም ይጠብቃል ማለት ነው።

ለሙዚቃ ተብሎ በውጭ አገር የሚሸጥ የኔትወርክ ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ሣጥን፣ አለ፤ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ምንዛሪ 34,000 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ከ60,000 ብር በላይ ነው። በዚህ ብር ሰንጋ ብደራደር እመርጣለሁ።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ዘፈኑ እየተጫወተ ሳለ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉት። ዘፈኑ አይቆምም፤ መሣሪያው የሚቀጥለውን ክፍል አስቀድሞ ስላከማቸ ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል። ኔትወርኩ የሚያመጣው ቁጥር ነው፤ ተበላሽቶ የደረሰም እንደገና ይላካል፤ ስለዚህ «በተሻለ ገመድ ባሱ ይወፍራል» የሚላችሁን ሻጭ ሻይ ጋብዛችሁት እለፉ። ማዳመጥ ያለባችሁ ጉርምርምታውን ነው። ገመዱ በተነቀለበት ቅጽበት ጸጥ ካለ መንገዱ በኔትወርኩ በኩል ነው። ካልጠፋ ኔትወርኩ ነፃ ነው፤ የፋይበር ዕቃ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ቀጥሎ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ አጫውቱ፤ ያን ጊዜ ከጠፋ ጥፋቱ የኃይልና የመሬት ነው። ፍተሻውን በበገና አታድርጉት። ከጅማቶቹ ሥር ያለው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራው፣ ራሱ እዝዝ ስለሚል የበገናውን እዝታ ከሽቦው ጉርምርምታ መለየት ያዳግታል፤ በዋሽንት ወይም ዘፈኑን አቁማችሁ በባዶው ሞክሩ። «ትር ትር ትር» የሚል ከሆነ ደግሞ ከመሬትም ከሽቦም አይደለም፤ ስልካችሁን ከአምፕሊፋየሩ አርቁት።

ጥፋቱ የኔትወርክ ገመዱ ሆኖ ከተገኘም ርካሹ ይበልጣል። እያንዳንዱ የኔትወርክ መሰኪያ በውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመር አለው፤ የኔትወርክ መስፈርቱ ሁለቱን ወገኖች እስከ 1,500 ቮልት ድረስ በኤሌክትሪክ እንዲለይ ያስገድዳል። መለያው ተሠርቶ መጥቷል ማለት ነው። የሚያፈርሰው ብረት የለበሰው፣ ጫፉም የብረት መሰኪያ ያለው ገመድ ነው፤ የሁለቱን ዕቃዎች አካል ያገናኛል። ሻጩ «ይሄ ኦሪጅናል ነው» ብሎ በሜትር 80 ብር የሚጠራው እሱን ነው። እናንተ ብረት ያልለበሰውን በ45 ውሰዱ። ታዲያ ከመቁረጡ በፊት ከውስጡ አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቁት፤ ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራል። ዋይፋይ ጥሩ የሚደርስበት ክፍል ከሆነ ግን 45ቱንም አታውጡ፤ በአየር የሚመጣ ነገር ሽቦ የለውም።

ፋይበር የሚያስፈልገው ሰው የለም አልልም። ራውተሩ ሱቅ ውስጥ፣ ስፒከሩ ግቢው ጀርባ ባለው ቤት ከሆነ፣ ሁለቱም ቤቶች የየራሳቸው ቆጣሪ ካላቸው፣ በተለይ ደግሞ ደጋው ላይ የክረምቱን መብረቅ የምታውቁ ከሆነ ግዙት። የፋይበር ገመድ ብርጭቆ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። ስትገዙ አንደኛው «ኤ»፣ ሌላኛው «ቢ» መሆኑን ተመልከቱ፤ አንዱ በሚልክበት ብርሃን ሌላው ይቀበላል። ሁለት «ኤ» ተሸጦለት መብራቱ ሳይበራለት የከረመ ወዳጅ አለኝ፤ ሱቁም «ተከፍቷል» ብሎ አልመለሰለትም። አብሯቸው የሚሰጠው ትንሽ አዳፕተር ደግሞ አንዳንዴ ከሸሻችሁት ጉርምርምታ የባሰ ፉጨት ያመጣል።

ስታቢላይዘርን በተመለከተ፣ ቮልቴጅ ለሚዋዥቅበት ቤት ይጠቅማል፤ ጉርምርምታ ግን አያጠፋም። ተራው ስታቢላይዘር ገቢውንና ወጪውን በአንድ ጥቅል ስለሚያገናኝ ምንም አይለይም። ቅጂውማ አይነገርም። ለጥገና ያመጡልኝን አንዱን ስከፍተው በሣጥኑ ላይ 1,000 የተጻፈበት ዕቃ ውስጡ ጡጫ የምታህል ትራንስፎርመር ነበረችው፤ ቀዩን ቅብ ስፍቀው ጥቅሉ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ የሚያቀያይረው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ተቃጥሎ ከፍ በሚያደርገው በኩል ተጣብቋል። ኃይሉ ሲስተካከልም 260 እየላከ አምፕሊፋየሩን ይዞት ሄደ። ስለዚህ ስትገዙ ጽሑፉን ተዉት፤ ሁለት ሦስቱን በእጃችሁ አንሥታችሁ ከባዱን ምረጡ። የምትፈሩት የቮልቴጅ ድንገተኛ መውጣትና መውረድ ብቻ ከሆነ ለፍሪጅ የሚገዛው ጋርድ በ1,200 ብር ይቆርጥላችኋል።

ወደ መሬቱ ልመለስ፤ ገንዘባችሁ እንዲሄድ የምፈልገው እዚያ ነው። ዘንግ ሲገዛ በማግኔት መሞከር የተለመደ ነው፤ ማግኔት ግን አይፈርድም፤ ምርጡም ዘንግ ውስጡ ብረት ነው። ጫፉን በሞረድ ፋቁት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርዳችሁት ቀዩ ወዲያው ካለቀ ቀለም ነው፤ ሁለት ክረምት አይቆይም። የእነዋሪና የጅሩ ሰዎች መረሬያችሁ ዘንግ በቀላሉ ያስገባል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይላቀቃል፤ ስለዚህ ረጅሙን ዘንግ ምረጡና የልብስ ማጠቢያ ውኃ የሚደፋበት ጥግ ላይ ምቱት። በጣርማ በርና በአንኮበር በኩል ዓለት ስለሚያጋጥም ዘንጉን አጋድሞ መቅበር ይሻላል። ጨው መጨመር ለጊዜው ይረዳል፤ ብረቱን ግን ይበላዋል፤ ከሰል በቂ ነው።

ሽቦው የሚገባው ከዋናው የብሬከር ሣጥን፣ ለቤቱ ሁሉ ነው። ለአምፕሊፋየሩ ብቻ የተለየ ዘንግ ምቱልኝ የሚል ሰው አዲስ ጉርምርምታና የመብረቅ መንገድ እየገዛ ነው። ኒውትራሉን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከሦስተኛው ቀዳዳ ጋር የሚያያይዝ «ባለሙያ» ካጋጠማችሁ ደግሞ ከፍላችሁም ቢሆን አሰናብቱት፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ሲላቀቅ የዕቃው አካል 220 ይሆናል። የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር በጉጠት ቆርጦ ጉርምርምታ ማጥፋትም ያው ነው፤ ድምፁ ይጠፋል፣ መከላከያውም አብሮ ይጠፋል።

ተከራይ ከሆናችሁና አከራያችሁ ግድግዳዬ አይነካ ካሉ፣ በላፕቶፑና በአምፕሊፋየሩ መሀል በድምፅ ገመዱ ላይ የሚገባውን ትንሽ ትራንስፎርመር ግዙ። የ900 ብሩና የ1,400ው ከውጭ አንድ ይመስላሉ፤ ርካሹ ውስጡ ያለው ብረት ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ይውጠዋል። ከበሮ በደንብ የሚመታበት መዝሙር በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስመቱት፤ መጀመሪያ ያለ ዕቃው፣ ከዚያ በዕቃው። ሻጩ ሳይከፈል አይሞከርም ካለ ብሩን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።