ሞርሳ፣ ለስላሳ ጥርስ ወይስ ጂግ? ለቶርኖ ቤታችሁ የቱ ያዋጣል

ኮምቦልቻ ላይ ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት በማሽን የሚቆረጥበት ቤት፣ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ሁለት ዓይነት ሥራ ይገባለታል። አንዱ አንዴ መጥቶ የሚሄደው ነው፤ የተሰበረ የፓምፕ ዘንግ፣ የወፍጮ ቡሽ፣ የባጃጅ ዕቃ። ሌላው ተመላላሹ ነው። ዛሬ 40 ፍላንጅ (በብሎን እርስ በርስ የሚታሰር ባለ ቀዳዳ ብረት) ያዝዛሉ፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ «ያንኑ 40» ብለው ይመጣሉ። ለመጀመሪያው የባለሙያ እጅና ዓይን ይበቃል። ለሁለተኛው አይበቃም። ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው።

ፍላንጁ ባለ 4 ቀዳዳ ነበር። እያንዳንዱን ለካን፣ ጫርን፣ ነጥብ መታን፣ በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) በሳን። አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ሸጋ ናቸው። ጥንድ ጥንድ አድርገን ብሎን ስናስገባ ግን 11ዱ አልገጥም አሉ። ቀዳዳ በሞረድ ስናሰፋ ሁለት ቀን ሙሉ ሄደ። ብሩስ ይሁን፤ ደንበኛው ፊት መቆሙ ነበር የከበደኝ። ስለዚህ አሁን ሰው መጥቶ «ብረት ለመያዣ ከሞርሳ፣ ከለስላሳ ጥርስና ከጂግ የቱን ልግዛ?» ሲለኝ መልሴ ረዘም ይላል።

ማስቀመጥ ሌላ፣ ማሰር ሌላ

ብዙ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጠንክሮ ይይዛል ወይ?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ ሁለተኛው ብረት የመጀመሪያው ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ላይ በትክክል ይቀመጣል?

ለዚህ የቆየ ደንብ አለ፤ 3-2-1 ይባላል። ብረቱ ከታች በ3 ነጥብ ያርፋል፣ በጎኑ 2 ነጥብ ይነካል፣ በጫፉ 1 ነጥብ ይደገፋል። ከታች ለምን 3 ሆነ? ጉልቻ አስቡ። መሬቱ ጎርበጥባጣ ቢሆን እንኳ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ አይወዛወዝም። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን አንዱ እግሩ ሥር ወረቀት ይጠቀጠቅበታል። ማሰሪያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሥራውም ብረቱን ወደ እነዚህ ስድስት ነጥቦች መግፋት ብቻ ነው። የትኛውንም ዕቃ ስትገዙ ስድስቱን ነጥቦች በጣታችሁ ፈልጉ። ካጣችኋቸው ዕቃው ገና አላለቀም።

ሞርሳ

ብረቱን በሁለት መንጋጋ መሃል አጥብቆ የሚይዘው ዕቃ ነው፤ ከሁሉም ርካሹና ሁሉን ቻዩም እሱ ነው። ችግሩ ግን ስታጠብቁት የሚንቀሳቀሰው መንጋጋ ትንሽ ቀና ይላል፤ ብረቱንም ይዞት ይነሳል። ሱቅ ውስጥ ቼክ ማድረግ ይቻላል። ቀጥ ያለ ብረት አስገቡ፣ ዲያል (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ላዩ ላይ አሳርፉ፣ አጥብቁ። መርፌው በጣም ከሮጠ ተዉት። ሲጠብቅ መንጋጋውን ወደ ታች የሚስብ ዓይነት የፍሬዛ (በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ሞርሳም አለ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ፍሬዛ ላላችሁ ግን ልዩነቱን አትቆጩበትም። ለትራፓኖ የተሠራውን ቀላል ሞርሳ ፍሬዛ ላይ መጫን ግን አደጋ ነው፤ አታድርጉት።

ሞርሳ ብቻውን 3ቱንና 2ቱን ነጥብ ይሰጣል። የሚጎድለው ያ 1 ነው፤ የጫፍ መቆሚያው። አንድ ቁራጭ ላሜራ በብሎን ጎኑ ላይ እሰሩለት፤ እያንዳንዱ ብረት እዚያ ድረስ ተገፍቶ ይቁም። ወጪው ከምንም አይቆጠርም። መቆሚያ ሳያበጁ ውድ ሞርሳ የሚገዙ ሰዎችን ሳይ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ይታወሰኛል።

ለስላሳ ጥርስ

ይህ ለቶርኖ ነው። ያረጀ ባለ ሦስት ጥርስ ቻክ (ቶርኖ ላይ ብረቱን ነክሶ የሚያዞረው) የያዘውን ብረት 0.1 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያወዛውዝ ይችላል። ለስላሳው ጥርስ ካልጠነከረ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል። እናንተው በራሳችሁ ቶርኖ፣ በምትይዙት ብረት ልክ ውስጡን ትቆርጡታላችሁ። ማሽኑ ራሱ ስለቆረጠው መሃሉ ከማሽኑ መሃል ጋር ይገጥማል። ደህና ከተሠራ 0.02 ወይም 0.03 ላይ ይመጣል። ለዚህ ዋጋ ይህን ያህል ትክክለኛነት የሚሰጥ ሌላ ዕቃ አላውቅም።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሲቆረጥ ጥርሱ ቀለበት ነክሶ መጥበቅ አለበት። ባዶውን ከተቆረጠ ብረት ሲይዝ ይለጠጥና ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ሁለተኛ፣ የቻካችሁ ጥርስ ከላይ በብሎን የሚፈታ መሆኑን ሳታዩ አትግዙ። አንድ ወጥ ከሆነ አይገጥምም። አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ገዝቶ የመለሰው አለ።

ጂግና ፊክስቸር

ሁለቱ ስም ይምታታል። ፊክስቸር ብረቱን ይይዛል፤ መቁረጫውን አይነካም። ጂግ ግን ይይዝና ፑንታውንም (መብሻውን ብረት) ይመራል። በላዩ ላይ የጠነከረ ብረት ቡሽ (መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት) አለ፤ ፑንታው በዚያ ውስጥ አልፎ ይወርዳል። መጫር የለ፣ ነጥብ መምታት የለ። ለእኔ ፍላንጆች መድኃኒቱ ይኸው ነበር። አሁን ከመሃሉ በክብ ፒን ይቀመጣል፣ ይጠብቃል፣ 4 ቀዳዳ ይበሳል፣ ይወጣል።

ጂግ የሚያዝዝ ሰው ቡሹን አይዝለል። ያለ ቡሽ በተራ ላሜራ የተሠራ ጂግ ፑንታው ራሱ እያሰፋው ይሄዳል፤ ሳታውቁት ልኩ ይጠፋል። በቡሹና በብረቱ መሃል ደግሞ የብረት ፍርፋሪው የሚወጣበት ክፍተት ይኑር። ለተራ ብረት የፑንታውን ውፍረት ያህል፣ ለጊዛ ብረት ግማሹን ያህል በቂ ነው። ማረፊያው ሙሉ ጠፍጣፋ አይሁን፤ ከፍ ያሉ ትንንሽ ነጥቦች ይሁኑ። አንዲት ፍርፋሪ ከሥር ከገባች ልኩን ታበላሻለችና። ብረቱ ተገልብጦ እንዳይገባ የሚከለክል ፒንም አስጨምሩ። ማታ ሲደክም ሰው ይሳሳታል፤ ፒኑ አይሳሳትም።

የልኩ ነገር ላይ የሲሶ ደንብ ያዙ። ፍላንጁ 0.15 ስህተት የሚፈቀድለት ከሆነ ጂጉ ከ0.05 በላይ አይሳሳት። ስለዚህ የጂጉን ቀዳዳዎች በትራፓኖ በሚጭር ሰው አታሠሩ። ዲጂታል ማሳያ ያለው ፍሬዛ ወይም ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን) ያለው ቤት ፈልጉ።

ፊክስቸር ላይ ምርጫው ማሰሪያው ነው። በእጀታ ጠቅ የሚለው ማሰሪያ ይፈጥናል፤ ለመብሳትና ለብየዳ ግሩም ነው። ከበድ ላለ ፍሬዛ ግን አላምነውም፤ እዚያ በብሎን የሚጠብቀው ይሻላል። የቱም ቢሆን ማሰሪያው ከማረፊያ ነጥቡ አናት ላይ ይጫን። መሃል አየር ላይ ከተጫነ ስስ ብረት ይጎብጣል፤ ጎብጦ ይቆረጣል፤ ሲፈታ ይቀናና ጠፍጣፋው ፊት ጠማማ ሆኖ ይገኛል።

ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው፣ እየተፈታ የሚገጣጠመው ገበታም አለ። ሲኤንሲ ለሌለው ትንሽ ቤት ግን ብሩን ሌላ ቦታ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

ጂጉ ከአሉሚኒየም ወይስ ከብረት?

አሉሚኒየም ይቀላል፣ ቶሎም ይቆረጣል። ግን በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ደሴ ከኛ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ብርዷንም ታውቁታላችሁ። ጠዋት ደሴ ላይ የተለካ 300 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ጂግ ኮምቦልቻ ወርዶ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አብሮት ከሚሞቀው ብረት 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ከላይ ካልነው 0.05 ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሄደ ማለት ነው። ለትንንሽ ዕቃ ችግር የለውም። ለረጅሙ ግን የምትሠሩት ብረት ከሆነ ጂጉም ብረት ይሁን።

ያዋጣል ወይ?

በእኔ ቤት አንድ የፍላንጅ ጂግ 6 ሰዓት ይፈጃል። በአንድ ፍላንጅ ላይ 6 ደቂቃ ያተርፋል። 60 ፍላንጅ ላይ ድካሙን መለሰ ማለት ነው። ደንበኛው 10 ብቻ ፈልጎ ላይመለስ ከሆነ ሞርሳና መቆሚያ ይበቃል። ክብ ሥራ ከሆነና ሁለቱም ጎን መቆረጥ ካለበት፣ ለ10ም ቢሆን ለስላሳ ጥርስ ምረጡ። ገጥሞ የሚታሰር ቀዳዳ ያለው ከሆነና ሥራው የሚመላለስ ከሆነ፣ ጂጉን ዛሬውኑ እዘዙ።

ስትረከቡ አንድ ብረት አስገቡ፣ እሰሩ፣ ዲያል አሳርፋችሁ መርፌውን ዜሮ አድርጉ። ከዚያ ፍቱት፣ አውጡት፣ መልሳችሁ አስገቡት። ይህን አምስት ጊዜ ድገሙ። መርፌው በየጊዜው ከዜሮ 0.02 ሳይርቅ ካልቆመ ቀሪውን ብር አትክፈሉ።